ያላዩት አገር ካርታ

«እንዳትጠጋኝ! በስመ አብ... እዚያው ቁም!»

ሮቤል እዚያው ቆመ። ምን ያድርግ? በአንድ እጁ የሕንፃውን የልብስ ማጠቢያ ክፍል በር፣ በሌላው የሳሙና ጣሳ ይዟል። ፊት ለፊቱ የሦስተኛ ፎቋ ሠርካዲስ ባዶ የጠበል ፕላስቲክ እንደ ሽጉጥ ደግናበት ቆማለች። በመካከላቸው፣ ልብስ ማድረቂያው ድራየር ላይ፣ ጥቁር ደብተር ተከፍቶ ተዘርግቷል። ከደብተሩ ጠርዝ ሰማያዊ ውሃ ጠብ... ጠብ... ይላል።

«ሠርካዲስ፣ ያ ደብተር የእኔ ነው።»

«አውቄያለሁ! ስምህን አይቼዋለሁ።»

«ምን አፈሰስሽበት?»

«የሚገባውን!»

በእርግጥ በሠርካዲስ አይፈረድም። ሮቤል የኤርፖርት መንገደኛ ማመላለሻ ሻትል የሚነዳ፣ አሜሪካ፣ ኮልፋክስ ጎዳና ጥግ ላይ ካለችው ከዚህች አሮጌ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን የሚኖር የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው። በረዶ ሲጥል ሳይጠየቅ የመኪናዋን መስታወት ይጠርግላታል። «ሰላም» ይላል፣ ያልፋል። በቃ። ሰው እንዲህ ዝም ካለ እኛ አበሾች የምንጠረጥረው ሁለት ነገር ነው፤ ወይ ሚስት ደብቋል፣ ወይ መጽሐፍ ይገልጣል።

እሷም እዚያ ተረስቶ ያገኘችውን ደብተር ያነሳችው የማን እንደሆነ ለማወቅ ብላ ነበር። ስትከፍተው በየትኛውም ገበታ ላይ ያላየችው ፊደል። ቀጥሎ ሰባት ዓይን ያለው ዘንዶ። ቀጥሎ በዓለም ላይ የሌለ አገር ካርታ። ልጅ ሆና ጎረቤታቸው የነበሩ አንድ ደብተራ ክታብ ሲጽፉ አይታለች፤ ልክ እንደዚህ ያሉ፣ የሚያፈጡ ዓይኖች ነበሩበት። ስልኳን አወጣችና ለማስረጃ ፎቶ አነሳች። ለማስረጃ ሦስት ገጽ ይበቃ ነበር። እሷ ግን በአማርኛ የተጻፈውን እያነበበች አርባ አንድ ገጽ አነሳች። ለምን እንደሆነ አትጠይቋት።

ፎቶውን ለቤተ ክርስቲያን የእናቶች ማኅበሯ የቴሌግራም ግሩፕ «እህቶቼ፣ ምን ዓይነት ጉድ ነው?» ብላ ላከች። ስልኳ ውስጥ እንዳያድርባት ወዲያው አጠፋችው። ከዚያ ወደ ጠበሉ ሄደች።

«ልብ ወለድ ነው፤» አለ ሮቤል ቀስ ብሎ።

«ልብ ወለድ? ፊደሉስ?»

«ፈጥሬው ነው።»

«ፊደል ይፈጠራል እንዴ?! ዘንዶውስ?»

«እሱንም ፈጥሬው ነው። አገሩንም፤ ዘሃሪት ይባላል።»

ሠርካዲስ ፕላስቲኩን ዝቅ አደረገች። የሮቤል ፊት የጠንቋይ ፊት አልነበረም። ጠንቋይ ቢሆን ይቆጣል፣ ይራገማል። እሱ ግን ከድራየሩ ውስጥ የገዛ ፎጣውን አወጣና ደብተሩን ገላውን እንደታጠበ ሕፃን ጠቀለለው።

«ሰባት ዓመት ነው፤» አለ። «ሁለቴ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት ነው ልኩን ያገኘሁት።»

«ሌላ... ኮፒ የለውም?»

«ኮምፒውተር ላይ ስጽፈው የሥራ ሪፖርት ይመስለኛል።» ፈገግ ሊል ሞከረ፤ አልሆነለትም። «ምንም አይደል።»

ይህች «ምንም አይደል» ናት የገደለቻት። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

አባቷ ጋሽ ወልደሚካኤል የቅኔ ተማሪ የነበሩ፣ ኋላም ግዕዝ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸው አሁን ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለየው። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሟት።

«ሳታነቢ ነው የረገምሽው?»

«አንብቤያለሁ አባዬ፤ አርባ አንድ ገጽ...»

«አርባ አንድ ገጽ አንብበሽ መጥፎነቱ የቱ ጋ ነበር?»

ሠርካዲስ አሰበች። ትዝ የሚላት የአገሮችን ስም የሚበላ ዘንዶ ነው። የአንድን አገር ስም ሲውጥ ሰዉ ወደዚያ የሚወስደውን መንገድ ይረሳል። አንዲት ጀልባ ቀዛፊ ልጅ የመጨረሻዋን ስም፣ የሐይቋን ስም፣ ምላሷ ሥር ደብቃለች...

«መጥፎነቱ... አልደረስኩበትም፤» አለች።

«በይ ዱላዬን አምጪ። ይቅርታ ሲጠየቅ ሽማግሌ ይቀድማል።»

እጃቸውን ይዛ ደረጃውን አወረደቻቸው፤ እንደ ልማዷም ጮክ ብላ ቆጠረችላቸው። «አንድ... ሁለት... ሦስት... አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት፤ ደረስን አባዬ።»

ሮቤል በሩን ሲከፍት ክፍሉ ልብስ የተሰጣበት ግቢ መስሎ ነበር። ከግድግዳ ግድግዳ ገመድ ተወጥሯል፤ ገጾቹ በልብስ መቆንጠጫ ተንጠልጥለዋል። ግማሾቹ ላይ ጽሕፈት የለም፤ የሰማይ ቁራጭ መስለዋል። ሠርካዲስ አንገቷን ደፋች።

«ልጄ፣» አሉ ጋሽ ወልደሚካኤል ገና ሳይቀመጡ፣ «ሴት ልጄ በድላሃለች። ጥፋቷ የእኔ ነው፤ ማንበብ አስተማርኳት፣ መታገሥ ግን አላስተማርኳትም።»

«ኧረ ጋሼ፣ ይቀመጡ! ምንም አይደል...»

«ምንም ካልሆነማ አልወርድም ነበር። ንገረኝ እስቲ፤ ይሄ ነገር ምንድን ነው? ተረት ነው? ገድል ነው?»

ሮቤል የሽማግሌውን እጅ ያዘና ወደ ግድግዳው መራቸው። ከወለል እስከ ጣሪያ መጽሐፍ ነው፤ ሁሉም ከኮልፋክስ አሮጌ ዕቃ መሸጫዎች አንድ በአንድ የተለቀመ፣ በዕድሜው ተራ የተደረደረ። የመጀመሪያውን ጀርባ አስነካቸው።

«ተረትማ ድሮም በየቤቱ ነበር፣ ጋሼ። ዘንዶውም፣ ጭራቁም። ግን አገሩ ወዴት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። የዛሬ መቶ ሠላሳ ዓመት ገደማ እንግሊዝ አገር አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው የግድግዳ ወረቀት ላይ አበባና ወፍ መንደፍ። በዚህ ምድር ላይ የሌለ አገር፣ የራሱ ወንዝና የራሱ ጫካ ያለው፣ ለአዋቂዎች ከጻፉት ቀዳሚዎች አንዱ እሱ ነው።»

«ለአዋቂ? አላፈረም?»

«አላፈረም።»

«ጎበዝ! ቀጥል።»

እጃቸውን ወደ ቀኝ አሻገረው። «እዚህ ጋ አንድ የቋንቋ መምህር መጣ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግ ውስጥ የነበረ፣ ጓደኞቹን የቀበረ። ሆስፒታል ተኝቶ መጻፍ ጀመረ። ስለ ጦርነቱ ግን አልጻፈም። ቋንቋ ፈጠረ። ቋንቋው ተናጋሪ ያስፈልገዋል ብሎ ሕዝብ ፈጠረ። ሕዝቡ ታሪክ፣ ታሪኩ አገር ያስፈልገዋል ብሎ አገር ፈጠረ።»

የጋሽ ወልደሚካኤል ጣቶች መጽሐፉ ላይ ቆሙ።

«ከሰዋስው ተነሥቶ?» አሉ በሹክሹክታ።

«ከሰዋስው ተነሥቶ።»

«ከቃል... ዓለም።» ባርኔጣቸውን አወለቁ። ቤተ ክርስቲያን የገቡ ይመስል። «እኛ እኮ ዛፍ ሥር ተቀምጠን አንዷን ቃል ስንፈትል እንውል ነበር። መምህራችን "ከእሷ ውስጥ አገር አለ" ይሉን ነበር። ምሳሌ መስሎኝ!»

ሠርካዲስ በሩ ጋ እንደቆመች የእጇ ጠጉር ሲቆም ተሰማት። የታጠበችበት ሳሙና ገና አልለቀቃትም፤ ቅድም ታች ልብስ ስታጥብ ነበር፤ አሁን ደግሞ አንድ ሾፌር ከምሽግ ውስጥ አገር ሲወጣ ያሳያታል።

«ከዚያስ?» አለች፤ ድምፅዋ ሳታስበው ወጣ።

ሮቤል ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሮ አያት። «ከዚያ... ዓመታት ፈጀበት። ሲታተም ውድ ነበር፣ ያነበበው ብዙ አልነበረም። በፈረንጅ በስድሳዎቹ እዚህ አሜሪካ አንድ አሳታሚ ሳያስፈቅደው በርካሽ ወረቀት አትሞ በተነው። ሰውየው ተናደደ። ተማሪው ግን በኪሱ ይዞት ዞረ! ከእጅ ወደ እጅ፣ ከዶርም ወደ ዶርም። ከዚያ ማን ያቁመው? ሌሎች ጻፉ። ሴቶች ጻፉ፤ ከወንዶቹ የበለጡም ነበሩ። ጠረጴዛ ከበው ዳይስ እየወረወሩ የሚጫወቱት ሆነ። ፊልም ሆነ። ልጆች ከነአባቶቻቸው ለአንድ መጽሐፍ ሱቅ በር ላይ ተሰለፉ። ዛሬ መጽሐፍ መደብር ብትገቢ ግድግዳ ሙሉ ነው። ብዙዎቹን ስትገልጪ መጀመሪያ የምታገኚው...»

«ካርታ፤» አለች።

«ካርታ።»

ጋሽ ወልደሚካኤል ወንበሩን ዳብሰው ተቀመጡ። «የአገራችን ሰው "ያላዩት አገር አይናፍቅም" ይላል፤» አሉ። «ተሳስተናል ማለት ነው?»

«የተሳሳትን ይመስለኛል፣ ጋሼ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስናፍቅ የኖርኩት ያላየሁትን ነው።»

የተንጠለጠሉት ገጾች ከማሞቂያው በሚመጣው አየር ቀስ ብለው ተወዛወዙ።

«ስንት ገጽ ጠፋ?» አለች ሠርካዲስ በመጨረሻ።

«ወደ ኋላው በእስክሪብቶ ስለጻፍኩት ተርፏል። የፊተኛው ግን ውሃ በሚያለቅቀው ጄል ብዕር ነበር፤ ስልሳ ገጽ ያህል ሄዷል።» የተሰጣውን ባዶ ገጽ በጣቱ ነካ። «እንግዲህ ጭንቅላት የሌለው ዘንዶ ምን ያደርጋል? እንዳይሆን የተባለ ነው። በቃኝ።»

በቃኝ! ሠርካዲስ እንግልውድ በሚገኝ መጦሪያ አረጋውያን ስትንከባከብ ነው የምትውለው፤ ሰው «በቃኝ» ሲል የምሩን ይሁን የወጉን ትለያለች። ሮቤል የምሩን ነበር።

በማግሥቱ ከሥራ ስትወጣ ቤቷ አልገባችም። በቀጥታ የሄደችው የማኅበሩ ሊቀመንበር እትዬ እታለም ወዳለቻቸው የበርበሬና የቅመም ሱቅ ነው። ዩኒፎርሟን እንኳ አልቀየረችም።

«እትዬ እታለም፣ ያ የላክሁት ፎቶ...»

«አጥፍቼዋለሁ! ከግሩፑ ያኔውኑ አጥፍቼዋለሁ፣ ልጄ፤ እንዲህ ያለ ነገር በማኅበር ስልክ ላይ?»

ሠርካዲስ የሩዝ ጆንያ ላይ ተቀመጠች። «ወይኔ... ወይኔ ጉዴ...»

እትዬ እታለም ግራና ቀኝ አዩ። «ከግሩፑ ነው እኮ ያልኩሽ።»

«ምን?»

«ለንስሐ አባታችን ላሳይ ብዬ ትንሽ አስቀርቻለሁ። ለማስረጃ።»

«ትንሽ?»

«አርባ አንድ።»

«አሳዩዋቸው?»

«እስክጨርሰው ብዬ ነው እንጂ!» እትዬ እታለም ስልካቸውን ከበርበሬ ሚዛኑ ሥር አወጡ። «አራቴ አየሁት። ማስረጃ በደንብ መታየት አለበት። ይልቅ ንገሪኝ... ያቺ ልጅ ስሙን ዋጠችው ወይስ ተፋችው? ጀልባው ሲገለበጥ እኮ ነው የተውሽኝ! ግማሹ ማኅበር እኔን ነው የሚጨቀጭቀው።»

«ግማሹ ማኅበር?!»

«ከእኔ ስልክ ከወሰዱት ጋር ሲደመር... ሁሉም ነው።»

ሠርካዲስ ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጣባት። እትዬ እታለምን አንገታቸውን ይዛ ሳመቻቸው። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አደረጉና ስክሪኑን በጣታቸው ገፉ።

«ቆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይቺ አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«ማን?»

«ገጽ ሠላሳ ስምንት። ስሚ...» እትዬ እታለም በሱቅ ድምፃቸው ሳይሆን በሌላ፣ በለሰለሰ ድምፅ አነበቡ። «"ልጅቱ ስም መጥራት አትችልም፤ አንድ ስም ከጠራች ምላሷ ሥር ያለችው ትበራለች። መቁጠር ግን ትችላለች። ስለዚህ ዓይናቸው ለፈዘዘ አባቷ መቅዘፊያዋን ትቆጥርላቸው ነበር። አሥራ አራት ስትደርስ 'ደረስን' ትላለች። ከሐይቁ ወዲያ ማዶ አንድ ሰው በየማለዳው ይህን ቁጥር ሳይሰማ ጀልባውን አይፈታም ነበር።"»

ሱቁ ውስጥ ማቀዝቀዣው ብቻ ይጮኻል።

«ቤታችሁ በመጣሁ ቁጥር ከደረጃው የምሰማው ምንድን ነው እስቲ?» አሉ እትዬ እታለም።

የሠርካዲስ ልብ እንዲህ የመታው መቼ ነበር? ያንን ገጽ እሷም አንብባው ነበር። በእሷው ስልክ አንስታዋለች። ፍርሃት ዓይኗን ጋርዶት ራሷን አላየችም። ሰው ለካ በማያውቀው አገር ካርታ ላይ ሦስት ዓመት ሙሉ ሊኖር ይችላል!

ሕንፃቸው ስትደርስ ሮቤል ደረጃው ላይ ነበር። አጠገቡ ሦስት ካርቶን፤ በመጽሐፍ የተሞላ።

«ወዴት ነው?»

«ልሰጣቸው ነው። ቦታ ያዙብኝ።»

ካርቶኑ ላይ ተቀመጠችበት። «አይሄዱም።»

«ሠርካዲስ...»

«ዝም በል። ተራው የእኔ ነው።» ስልኳን ከፈተችና እትዬ እታለም መልሰው የላኩላትን ገጽ ሠላሳ ስምንትን አነበበች። «አሥራ አራት» ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተሰበረ። ሮቤል ጆሮው እስኪቀላ ድረስ አቀረቀረ።

«ከየት አገኘሽው?»

«ያለ ፈቃድህ ተባዝቶ። ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው፤ የማኅበራችን እናቶች ጀልባው ከተገለበጠ ወዲህ እንቅልፍ የላቸውም።» አየችው። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«የምትሰማኝ።»

«ከገባሁ በሁለተኛው ሳምንት፤» አለ። «ደረጃው ከአልጋዬ ጀርባ ነው። ማለዳ ማለዳ አባትሽን ለመናፈስ ስታወርጂ... አንድ፣ ሁለት... ሰው ለሰው እንዲህ ሲቆጥር ሰምቼ አላውቅም። ያን ቀን የድሮውን ቀድጄ እንደገና ጀመርኩ።»

«ታዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ "ሰላም" ብቻ?»

«እሷንም ተለማምጄ ነበር የምወጣው።»

ሠርካዲስ ሳቀች። እንባዋን በዩኒፎርሟ እጅጌ ጠረገች። «ሮቤል፣ ይቅር በለኝ። አርባ አንዱ እጄ ላይ አለ። የቀረውን ንገረኝ፣ እኔ እጽፋለሁ። በእስክሪብቶ! በማይለቅ።»

«ባላስታውሰውስ?»

«አባዬ ያስታውሱሃል። ያልተጻፈ ነገር በቃል መያዝ እሳቸው ናቸው የሚያውቁበት።»

ካርቶኖቹን አንድ በአንድ መልሰው አወጡ። ሠርካዲስ ደረጃውን መቁጠር ፈልጋ ነበር፤ አፈረች።

የበረዶውን ወራት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሠርካዲስ ቤት እንዲህ ሆነ። ሮቤል ይናገራል፣ ሠርካዲስ ትጽፋለች፣ ጋሽ ወልደሚካኤል ዓይናቸውን ጨፍነው ያርማሉ። አዲሱን ፊደል ካልተማርኩ ብለው አስቸገሩ፤ ሮቤል በጣታቸው መዳፋቸው ላይ እያስጻፈ አስተማራቸው። «ይቺ ፊደል እግሯ አጭር ነው፤» ይላሉ። «አገር ተሸክማ እንዴት ትቆማለች?» ሮቤል ያስረዝማል። የተጻፈውን ሠርካዲስ ወደ ግሩፑ ትልካለች፤ ሊትልተን ካሉት ጀምሮ ኮልፋክስ እስካሉት ድረስ እናቶቹ የድምፅ መልእክት ያዘንባሉ። «ዘንዶው ንስሐ ይግባ!» የምትል አለች። «አይግባ! ገና ነው!» የምትል አለች።

ሚያዝያ ላይ፣ እንደ አገሩ ወግ በጋ መጣ ሲሉት በረዶ በጣለበት ቅዳሜ፣ የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ደረሱ። ሮቤል ቆመ።

«ከዚህ ወዲያ አላውቅም፤» አለ። «ስሙን መጥራት አለባት። ግን የት? ማን ፊት? ሰባት ዓመት እዚህ ላይ ነው የምቆመው።»

ሠርካዲስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ሰባት ዓመት የደበቀችውን ዘንዶውን ለመግደል ብላማ አትጠራውም።»

«ታዲያ?»

«ማዶ ያለው ሰው ጀልባውን ፈትቶ ሲመጣ ነው። ሲመጣ "ይህ ሐይቅ ማን ይባላል?" ይላታል። እሷ ትነግረዋለች። በቃ። ዘንዶው የሚሞተው ሁለት ሰው አንድን ስም ሲያውቀው ነው፤ አንድ ሰው ብቻ ሲይዘው ይሰርቀዋል፣ ሁለት ሲሆኑ ከየት ያመጣል?»

ክፍሉ ውስጥ በረዶው ሲወርድ የሚሰማ መሰለ። ሮቤል ሠርካዲስን እንደ ካርታ አያት፤ ራሱ ሥሎት የማያውቀው አንድ አገር ድንገት እንደተገኘበት።

«ጻፊው፤» አለ። «ጻፊው፣ እባክሽ።»

ጻፈችው። የመጨረሻዋን አራት ነጥብ ስታኖር የአመሻሹ ብርሃን ተራራዎቹ ላይ ነበር። ጋሽ ወልደሚካኤል ምን እንደገባቸው እንጃ፣ «ደክሞኛል» ብለው ወደ መኝታቸው ገቡ፤ በሩንም ዘጉ።

«አለቀ፤» አለ ሮቤል።

«አለቀ።»

«ከእንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ብዬ እመጣለሁ?»

«ምን ልትል ትፈልጋለህ?»

«ሠርካዲስ... እኔ መጻፍ ነው እንጂ መናገር...»

«አውቃለሁ። ሦስት ዓመት እጠብቃለሁ ብለህ ግን እንዳታስብ።»

እጇን ያዘ። እጁ ቀዝቃዛ ነበር። «አንቺን ነው የምፈልገው። ከማንኛውም አገር አስበልጬ... ካለውም፣ ከሌለውም።»

እሷም እጁን አጥብቃ ያዘች። «እንግዲያስ ሽማግሌ ላክ፤» አለች። «ሦስት ይበቃል። አባዬ እሺ ሳይሉ እሺ አልልም... ግን እሺ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ከፋሲካ በኋላ መጡ። ሁለቱ ከሮቤል ጋር የሚነዱ አዛውንቶች ናቸው፤ ተናጋሪው አቶ ተክለሚካኤል። ሦስተኛዋ እትዬ እታለም ነበሩ። «ሴት ሽማግሌ ሆና ሄዳ ታውቃለች?» ቢሏቸው «መጽሐፉን ከመጀመሪያ ጀምሮ የማውቀው እኔ ነኝ!» ብለው አፋቸውን አስዘጓቸው።

ሠርካዲስ በወጥ ቤቱ በር ክፍተት ታያለች። ሮቤል አልገባም፤ ወጉ ነው። ታች ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያያል። እሷም እሱም እኩል ፈርተዋል። ጋሽ ወልደሚካኤል ልጁን ይወዱታል፤ ነገር ግን በወግ የመጣን ነገር በወግ ነው የሚመልሱት። ሴት ልጅ ከመሰጠቷ በፊት የሁለቱም ወገን ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ከሰባቱ በአንዱ ከተዛመዱ ነገሩ አለቀ። ጋሽ ወልደሚካኤል ደግሞ የራሳቸውን ሰባት ቤት ብቻ ሳይሆን የግማሹን አገር ዘር በቃላቸው የያዙ ሰው ናቸው።

አቶ ተክለሚካኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከወንበራቸው ተነሥተው ቆሙ። «እንግዲህ ጋሽ ወልደሚካኤል፣ ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል።»

«ይቀመጡ፣ ይቀመጡ። ደህና መጡ።» ጋሽ ወልደሚካኤል ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም። «ልጁን በሥራው አውቀዋለሁ። በጠባዩም አውቀዋለሁ። ግን ወግ ነውና ልጠይቅ። አገሩ ወዴት ነው?»

አቶ ተክለሚካኤል አፋቸውን ከፈቱ። ከአፋቸው ቃል ሳይወጣ እትዬ እታለም ቀደሟቸው።

«ዘሃሪት ነዋ!» አሉ፤ በሙሉ ልብ። «ከሐይቁ ወዲያ ማዶ! ጋሽ ወልደሚካኤል ደግሞ፣ እንደማያውቁ!»

አቶ ተክለሚካኤል ላብ አጠመቃቸው። ሠርካዲስ የበሩን እጀታ ጨበጠች።

ጋሽ ወልደሚካኤል ራሳቸውን ቀስ ብለው ነቀነቁ፤ እንደሚያሰላስል ሰው።

«ደግ፤» አሉ። «ዘሃሪት ዘመድ የለንም፤ ሰባት ቤት መቁጠሩ ቀረልን።»